«እማዬ፣ እንዳትነሺ»

ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ አራት ሆነን ማኪያቶ ይዘናል። የአንዷ ስልክ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው። «እማዬ፣ እንዳትነሺ! ሠራተኛዋ ትቁላው» ብላ ዘጋችው። እናትየው ያሰቡት ቡና ሊቆሉ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቱ ወዳጃችን ስኒውን አስቀመጠ። «እግራቸውን የምትቀሚያቸው አንቺ ነሽ» አላት። ይሄ ልጅ አፉ ላይ ልጓም የለውም።

ቱግ አለች። «ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ አዳልጧት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ዳሌዋ ቢሰበር አንተ ታስታምማለህ? ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት አሁን እንኳ ትረፍ እንጂ። ደግሞ 78 ዓመቷ ነው፤ ከዚህ በኋላ ምን ስፖርት አለ?»

«አለ እንጂ» አለ። አሜሪካ ውስጥ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990 ያወጡትን ጥናት ነገራት። 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው የአረጋውያን መኖሪያ ሰዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት አነሱ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ።

«ስንት ሰው ነው?» አለ ባንክ የሚሠራው። ቁጥር ሲሰማ ይነቃል።

«አሥር።»

«አሥር ሰውማ ዕድር እንኳ አይሞላም!»

ያኔ ትልቁን አመጣ። ላይፍ የሚባል፣ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የመራው፣ ውጤቱ በ2014 የወጣ ጥናት ነው። ከ70 እስከ 89 ዓመት የሆኑ፣ ቁጭ ብለው የሚውሉ 1,635 ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ የእግር ጉዞ፣ የጉልበትና የሚዛን ልምምድ ሠሩ። ግማሾቹ የጤና ትምህርት ተማሩ። ፈተናው 400 ሜትር ያለ ሰው እርዳታ፣ ሳይቀመጡ፣ በ15 ደቂቃ መጨረስ ነው፤ የስታዲየም መም አንድ ዙር ማለት ነው። ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ተከታተሏቸው። ከተማሩት 35.5 በመቶው ይህን መራመድ አቃታቸው። ከሠሩት 30.1 በመቶው።

ባንከኛው ሳቀ። «ልዩነቱ ከመቶ አምስት ሰው? ለዚህ ነው የምትጮኸው?»

«ከአምስቱ አንዷ እናትህ ብትሆንስ?»

ዝም አለ። ቴራፒስቱ ግን ሐቀኛ ነው፤ ከባድ ሕመምና ሆስፒታል መግባት ከሠሩት ዘንድ እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም ትንሽ በለጥ እንዳለ ራሱ ነገረን። ያኔ ይበልጥ አመንኩት።

«እሱስ ይሁን» አለች ልጅት፣ «እነሱ የሚራመዱት ልስልስ ያለ ወለል ላይ ነው። እዚህ ኮሪደሩ ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ ደህና ነው። እኛ ሰፈር ያለውን ቅያስ ግን እኔም በፍላት ጫማ እየተሳቀቅኩ ነው የምወርደው።» ለዚህ መልስ አልነበረውም።

መልስ ሲያጣ ወደ ባንከኛው ዞረ። «እጅህን ደረትህ ላይ አጣጥፈህ አምስት ጊዜ ከወንበር ተነስተህ ተቀመጥ። ተመራማሪዎቹ እንዲህም ይለካሉ።» ባንከኛው ገና 46 ነው። ኮቱን ቆልፎ ጀመረ። አራተኛው ላይ እጁ ጠረጴዛውን ያዘ፤ የኔ ማኪያቶ ተደፋ። አስተናጋጇ «ምን ጎደለ?» ብላ መጣች።

እኔ ካላችሁኝ፣ የልጅቱ ፍርሃት እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ተሳስቷል። የኛ እናቶች ቡና ሲያፈሉ ከበርጩማ እየተነሱ፣ በጾም እየሰገዱ፣ ጊዮርጊስ ሊሳለሙ ዳገት እየወጡ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የኖሩበትን ልምምድ ነው «ክብር» ብለን ከእጃቸው የምንነጥቀው። ማክበር ከሆነ ሐሳቡ፣ ያ የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ ይጣል። ሠራተኛዋ አጠገባቸው ትቁም፣ ቡናውን ግን እሳቸው ይቁሉ። ደረጃው ላይም መደገፊያ ብረት ይበየድ። በያጅ አውቃለሁ፤ እዚሁ ሰባራ ባቡር ነው። ስልኩን ሰጥቻታለሁ፤ እስካሁን አልደወለችለትም።