ከመንቀሳችሁ በፊት ጠይቋት

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን የጤና ውይይት ላይ አንዲት የጡት ካንሰር ታካሚ ስልክ ደውላ፣ ለጨረር ሕክምና ተብሎ ደረቷ ላይ የተነቀሰችው ነጥብ መስታወት ፊት በቆመች ቁጥር ያንን ክፉ ጊዜ እንደሚያስታውሳት ተናገረች። እንግዳ ሆነው የቀረቡት ባለሙያ የሰጧት መልስ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የእኛ አገር ሴት አንገቷንና ግንባሯን ተነቅሳ ያደገች ስለሆነች እንዲህ ያለች ትንሽ ነጥብ ልታስጨንቃት እንደማይገባ፣ ሐኪም የሚጨነቀው ለነፍሷ እንጂ ለውበቷ እንዳልሆነ አስረድተው ጨረሱ። አዘጋጁም አመስግኖ ወደሚቀጥለው ጠያቂ አለፈ።

ንቅሳት ከተነሳ እንነጋገርበት። አያቶቻችን አንገታቸውን የተነቀሱት ለጌጥ ነው። ግንባራቸው ላይ መስቀል ያስነቀሱት ለእምነታቸው ነው። ድዳቸውን ያጠቆሩት ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ነው። ሁሉም ሰው አይቶ እንዲያደንቀው የተደረገ ነገር ነው። ጡቷን ያስቆረጠች፣ በኬሞ ጸጉሯ የረገፈ ሴት ደረት ላይ ያለውን ነጥብ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው መርፌና ቀለም ብቻ ነው። ደግሞስ ያን የጥንቱን ንቅሳት ሁሉም ወዳ ነው የተነቀሰችው ያለው ማን ነው? በልጅነታቸው እጅና እግራቸው ተይዞ የተነቀሱ ስንት ሴቶች ዛሬ አንገታቸውን በሻርፕ ሸፍነው ይሄዳሉ! አቅሙ ያላቸው በሌዘር ለማስጠፋት ገንዘብ ይከፍላሉ። ባለሙያው የጠቀሱት ምሳሌ የሚመሰክረው በራሳቸው ላይ ነው። ሳትጠየቅ የተነቀሰች ሴት አርባ ዓመት ቢያልፍም አትረሳውም።

ምልክቱ ለምን እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ታካሚዋ ክንዶቿን ከራሷ በላይ አድርጋ ተኝታ ሲቲ ስካን ትነሳለች። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጥብ ደረቷ መሐል፣ ሁለት ደግሞ ግራና ቀኝ ጎኗ ላይ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አልጋው ላይ ስትተኛ የሌዘሩ የብርሃን መስመር እነዚህ ነጥቦች ላይ እስኪያርፍ ድረስ አተኛኘቷ ይስተካከላል። ከጡት ሥር ሳንባ አለ፤ የታመመው የግራው ከሆነ ልብም አለ። ትንሽ ፈቀቅ ማለት ምን እንደሚያስከትል ይገባኛል። ስለዚህ ምልክት አያስፈልግም የሚል ክርክር የለኝም። ግን ምልክት ያስፈልጋል ማለትና ሳትጠየቅ ትወጋ ማለት ምንና ምን ናቸው?

ለቀዶ ሕክምና ታስፈርማላችሁ። ለማደንዘዣ ታስፈርማላችሁ። ዕድሜ ልኳን ገላዋ ላይ ለሚቀር ነገር ሲሆን ግን «ትንሽ ትቆነጥጥሻለች» ተብላ ያልፋል። እሱም ከተባለላት ነው። ያውም መቼ? ከወገቧ በላይ ተራቁታ፣ ክንዷ ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ ቀዝቃዛ አልጋ ላይ እንዳትንቀሳቀስ ተነግሯት፣ ከበሩ ውጭ ሌሎች ተራቸውን እየጠበቁ። በዚያ ሰዓት «እሺ» ያለች ሴት ፈቀደች ይባላል? እዚያ የተኛች ሴት ለሁሉም ነገር እሺ ትላለች። እምቢ ብል ወረፋዬ ያልፋል፣ ወረፋዬ ካለፈ እሞታለሁ ብላ ታስባለች። እንዲህ ባለ ፍርሃት ውስጥ የተገኘ እሺታ ለባለሙያው ሥራ ያቃልል ይሆናል፤ ፈቃድ ግን አይደለም።

ከሳምንት በፊት፣ ወይም ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት፣ ልብሷን ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብትጠየቅ ብዙ ነገር ይለወጣል። ያቺ አንዲት ሌሊት ትልቅ ነገር ናት። ክርስቲያን ከሆነች ኦሪት ዘሌዋውያን ገላን መነቀስ እንደሚከለክል ሰምታ ያደገች ልትሆን ትችላለች፤ የንስሐ አባቷን ትጠይቃለች። ሙስሊም ከሆነች ንቅሳት ክልክል ነው እየተባለች አድጋለች፤ የምታምናቸውን ሼኽ ትጠይቃለች። ለሕክምና መሆኑን ሲሰሙ «ግድ የለም ልጄ» የሚሉ አባቶችና ሼኾች ብዙ ናቸው። ያቺ ቃል ለእሷ ከማንኛውም መድኃኒት ያላነሰች ናት። ባሏን ወይም እህቷን ልታማክር ትችላለች። ወይም ማንንም ሳታማክር ብቻዋን አስባ ልትወስን ትችላለች። ሐኪሙ ከዚህ ሁሉ የሚያጣው ምንድን ነው? ሦስት ደቂቃ።

ንቅሳት ካልፈለገች ሌላ መንገድ አለ፤ በማይነቀስ ቀለም ይሰመራል፣ በላዩ ላይ ስስ ግልጽ ፕላስተር ይለጠፋል። በእኛ አገር ይህኛውም የሚደረገው እንደዚያው ሳይጠየቅና ሳይነገር ነው። አክስቴ የታከሙት በዚህ በሚሰመረው ነው። ደረታቸውና ጎናቸው ላይ ሐምራዊ መስቀለኛ ምልክት ተሰመረባቸው። አንዱ የአንገት አጥንታቸው አጠገብ ስለነበር ከቀሚሳቸው አንገት በላይ ይታይ ነበር፤ ያየ ሁሉ «ምን ሆነው ነው?» ይላቸዋል። ከሆስፒታሉ የተነገራቸው «እንዳይለቅ» የሚል ብቻ ነው። እንዴት ነው የማይለቀው? ያስረዳቸው የለም። ላብ አለ፣ ጡት መያዣው ይፈትገዋል፣ የነጭ ነጠላቸው ጥለት ሐምራዊ ሆነ። ከወገባቸው በላይ ውኃ ማስነካት ፈርተው በእርጥብ ፎጣ አንገታቸውን ብቻ እያበሱ ከረሙ።

አንድ ማታ መስመሩ ሊጠፋ ሲል ጨነቃቸውና የጎረቤት ተማሪ ልጅ አስጠርተው በሰማያዊ እስክሪብቶ አስደመቁት። በማግሥቱ ወጣቱ ባለሙያ አይቶ «ማዘር፣ ይሄን ማን ነካካው?» ብሎ ተቆጣ። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አሉት። የሰለጠነ ሰው ያልሰመረው መስመር ከቦታው ፈቀቅ ካለ ጨረሩም አብሮት ፈቀቅ ሊል ይችላል፤ የወጣቱ ባለሙያ ድንጋጤ ትክክል ነው። ጥፋተኛው ግን «ሲደበዝዝ ራስዎ አይንኩት፣ በነጋታው ቀደም ብለው ይምጡ» የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ቀን ያልተናገረው አካል ነው። ያልተነገራቸውን ባለማወቃቸው የተቆጧቸው ሴት በዚያ ሰዓት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

ይህም አልበቃ። አክስቴ እንጦጦ ማርያም ጸበል መጠመቅ ይፈልጉ ነበር። ለሐኪም ቢናገሩ «ወይ ሕክምናውን ወይ ጸበሉን ይምረጡ» የሚባሉ መሰላቸው፤ ስለዚህ ዝም አሉ። በኋላ ሳስበው በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ቀድመው ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ እሳቸው ነቅሱኝ ይሉ ነበር! የተነቀሰ ነጥብ በውኃ አይለቅም። ላብ አይነካውም፣ ጎረቤት አያየውም፤ ሌሊት ተነስቶ ደበዘዘ አልደበዘዘ እያሉ በመብራት ማየት የለም። እኔ የንቅሳቱ ጠላት አይደለሁም። ለአንዷ ነጥቡ እፎይታ ነው፤ ለሌላዋ በሽታው በገላዋ ላይ የተወው ማኅተም ነው። የትኛዋ እንደሆነች ፊቷን አይቶ የሚያውቅ ሐኪም የለም። መጠየቅ ብቻ ነው ያለው።

ደጋግሞ የሚመጣው ሌላው መልስ የአቅም ጉዳይ ነው። ድሃ አገር ነን፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው ይሉናል። ወረፋውን አንክድም። በመላ አገሪቱ ከሃያ ዓመት በላይ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ያውም የድሮ ዓይነት በሆነው የኮባልት ማሽን። ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ማሽን ገብቷል፤ አሁንም አይበቃም። ግን የማሽን እጥረት አንዲት ሴት በገላዋ ላይ ያላትን መብት የሚሽረው በየትኛው ሕግ ነው? እጥረቱ የሚያስገድደው እንድትጠብቅ ነው፤ ዝም እንድትባል አይደለም።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ ቅንጦት ብሎ አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የለንደኑ ሮያል ማርስደን ሆስፒታል ተመራማሪዎች ጨረር በሚወስዱ 42 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት ይፋ አድርገው ነበር። ከፊሎቹ በተለመደው ጥቁር ቀለም፣ ከፊሎቹ ደግሞ በልዩ መብራት ሥር ብቻ በሚታይ ቀለም ተነቀሱ። ሕክምናው ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ስለ ገላቸው ያላቸው ስሜት ተሻሽሎ የተገኘው በማይታየው ቀለም ከተነቀሱት 56 በመቶ፣ በጥቁሩ ከተነቀሱት ግን 14 በመቶ ብቻ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው ይባል። ቢያንስ ሴቶቹን ጠይቋል። ተመራማሪዎቹ ያነሱት ሌላ ነጥብ ደግሞ በቀጥታ እኛን የሚመለከት ነው፤ ጥቁር ቀለም በጠቆረ ገላ ላይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ታዲያ ለነጭ ቆዳ የተለመደውን ቀለም ለእኛ እናቶች እንዳለ ወስዶ፣ በየቀኑ ነጥቡን ከተፈጥሮ ምልክት ለመለየት መብራት እያቀረቡ መፈለግ ነው የአቅም ቁጠባ?

አልጋው ላይ ያለችውን ሴት የገላዋን ቅርጽ በካሜራ እያነበበ ያለ ምንም ነጥብ የሚያስተካክል መሣሪያም አለ። ውድ ነው፤ ነገ ይግባ አልልም። የሕክምናው ቆይታ ማጠር ግን ገንዘብ የሚቆጥብ ነገር ነው። ድሮ ለጡት ካንሰር ጨረር አምስት ሳምንት፣ 25 ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነበር። በእንግሊዝ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች በሦስት ሳምንት 15 ጊዜ እንደሚበቃ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ለተመረጡ ታካሚዎች በአንድ ሳምንት አምስት ጊዜ ብቻ መስጠት እንደሚቻል ታየ። ቀኑ ሲያጥር ወረፋውም ያጥራል፤ የሚሰመረውንም ቀለም ሳይለቅ ማቆየት ይቀላል። ሦስት ሳምንት የሚቆይ መስመርና አምስት ሳምንት የሚቆይ መስመር ለተሸከመችው ሴት አንድ አይደሉም። ለሕክምናው 15 ቀን ለሚበቃት ሴት የዕድሜ ልክ ነጥብ ሳትጠየቅ መንቀስ ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው?

«በኋላ በሌዘር ይጠፋላታል» የሚሉም አሉ። በማን ብር? ለመድኃኒት ከብቷን የሸጠች ገበሬ ናት ለሌዘር የምትከፍለው?

የምለምነው አዲስ ማሽን አይደለም። ሲቲ ስካኑ ከሚነሳበት ቀን በፊት የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማትችለው ነርሷ ታንብብላት። ነጥቡ የት የት እንደሚሆንና እንደማይጠፋ ይናገር። መስመር የመረጠችው በምን እንደምትታጠብ ይናገር፤ ለብ ባለ ውኃ፣ ሳይፈተግ፣ በፎጣ ጫን ጫን ተደርጎ እየደረቀ። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ እንድትለብስ፣ ሲደበዝዝ እሷም ሆነች ጎረቤቷ እንዳይነኩት ይናገር። ጸበልም ሆነ ትጥበት ካለባት ሳትፈራ እንድትናገር በግልጽ ይጻፍ፤ ሰሚውም አይቆጣት። ከሥር ሁለት ሳጥን ይኑር፤ «ይነቀስልኝ»፣ «በቀለም ይሰመርልኝ»። አጠገቡ የፊርማ ወይም የጣት አሻራ ቦታ። ለአንድ ክፍል ለወራት የሚበቃው አንድ ደስጣ ወረቀት ነው። ዛሬ ተጽፎ ነገ ሊባዛ ይችላል፤ የቀረው የክፍሉ ኃላፊ «ይባዛ» ብለው መፈረም ብቻ ነው።