«በ50 ባር ውጡ» የሚለው መመሪያ ይቅር

የስኩባ (አየር በሲሊንደር ይዞ የመጥለቅ) ክለቦች በእረፍት ቀን ጀልባ ይዘው ሲወጡ፣ አባላት ውሃ ከመግባታቸው በፊት የዕለቱ መሪ ገለጻ ያደርጋል። ጥልቀቱ፣ የውሃው ፍሰት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጠልቅ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይነገራል። ስለ አየር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «50 ባር ይዛችሁ ውጡ»። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ እዚህ ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር ግፊት ይናገራል። ከአንጋፋው ወደ ጀማሪው በአፍ ሲወርድ የመጣ መመሪያ ነው። አጭር ነው፣ ለማስታወስም አይከብድም። በእኔ እምነት ግን ክለቦች ሊተዉት ይገባል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ከጥልቀቱም፣ ከሲሊንደሩም፣ አብሮ ከሚጠልቀው ሰውም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ሁለት ሰዎች ይህን ሰምተው ፍጹም የተለያየ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። አንዱ ጀልባው ጋ ሲደርስ 50 ባር እንዲተርፈው ቀደም ብሎ መውጣት ይጀምራል። ሌላው የመለኪያው መርፌ ቀዩ መስመር ላይ እስኪያርፍ ታች ይቆይና ያኔ ወደ ላይ ያቀናል። አብዛኞቹ የግፊት መለኪያዎች ከ50 ባር በታች ያለውን ክፍል በቀይ ስለሚያሳዩ፣ ጀማሪው ቀዩን መስመር የመነሻ ምልክት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም።

ስሌቱን እንየው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር እስከ 200 ባር ሲሞላ ወደ 2400 ሊትር አየር ይኖረዋል። የተረጋጋ ጠላቂ በውሃው ገጽ ላይ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሊትር ይተነፍሳል። ገጹ ላይ 1 ባር የሆነው ግፊት በየ10 ሜትሩ በ1 ባር ስለሚጨምር 20 ሜትር ላይ 3 ባር ይደርሳል፤ ስለዚህ ያው ሰው በዚያ ጥልቀት ከሲሊንደሩ በደቂቃ ከ45 እስከ 60 ሊትር ይወስዳል። ሲደነግጥ እጥፉን ሊፈጅ ይችላል።

አሁን 20 ሜትር ላይ የአንዱ አየር አለቀ እንበል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሁለት ሰው ከአንድ ሲሊንደር ይተነፍሳል። ሁለቱም ተጨንቀዋልና ለእያንዳንዳቸው በደቂቃ 30 ሊትር እንያዝላቸው። ተጨማሪውን መተንፈሻ አውጥቶ ለማቀበል፣ ክንድ ለክንድ ለመያያዝና ለመረጋጋት አንድ ደቂቃ ይሄዳል፤ ለሁለት ሰው በ3 ባር ሲሰላ 180 ሊትር ነው። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጡ ገጹ ላይ ለመድረስ 3 ደቂቃ እንመድብ፤ አማካይ ግፊቱ 2 ባር ስለሆነ 360 ሊትር። ሰውነት ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲወጣ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ለሚደረገው የደህንነት ቆይታ ደግሞ 270 ሊትር። ድምሩ 810 ሊትር ይሆናል፤ ለ12 ሲካፈል 67.5 ባር፣ በጥቅሉ 70። በ50 ባር ላይ ያለው አየር 600 ሊትር ብቻ ነው።

«የደህንነት ቆይታው በመዝናኛ ጠለቃ ግዴታ አይደለምና በአደጋ ጊዜ ይዘለል» የሚል መልስ ይመጣል። ልክ ነው፣ ይዘለላል። ያኔ 540 ሊትር፣ ማለትም 45 ባር ያስፈልጋል። 5 ባር ተረፈን ማለት ነው። ግን የመርፌ መለኪያዎች ወደ ዜሮው ሲጠጉ በጥቂት ባሮች ሊሳሳቱ ይችላሉ። ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው የሬጉሌተሩ (የአየሩን ግፊት ቀንሶ ለትንፋሽ የሚያመቻቸው መሣሪያ) ክፍልም አየሩን ከዙሪያው ውሃ ግፊት በላይ ወደ 10 ባር አካባቢ አድርጎ ነው ወደ ቱቦው የሚያሳልፈው፤ የሲሊንደሩ ግፊት ወደዚያ ሲወርድ መተንፈስ መክበድ ይጀምራል። የመጨረሻዎቹን ባሮች ታች ሆኖ እንደ ሙሉ አየር መቁጠር አይቻልም። ትርፍ የመሰለው 5 ባር እንግዲህ የለም።

ጥልቀቱ 30 ሜትር ከሆነ፣ ለመውጣት 4 ደቂቃ ይዘን በተመሳሳይ መንገድ ስናሰላ 1110 ሊትር፣ በ12 ሊትር ሲሊንደር ከ90 ባር በላይ እናገኛለን። በአንድ ጀልባ ላይ ደግሞ ሁሉም ያንኑ ሲሊንደር አይዝም። ለ20 ሜትር 10 ሊትር የያዘው 81 ባር ሲያስፈልገው፣ 15 ሊትር የያዘው 54 ይበቃዋል። መሪው ሊናገር የሚገባው እንዲህ ነው፦ «ዛሬ ከ20 ሜትር አናልፍም። 12 ሊትር የያዘ በ70፣ 10 ሊትር የያዘ በ85፣ 15 ሊትር የያዘ በ60 መውጣት ይጀምራል። ከጥንዱ አንዱ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ሁለቱም ይወጣሉ።» ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ጀልባው መልህቅ ጥሎ የሚጠብቅ ከሆነና መውጫው በመልህቁ ገመድ ከሆነ፣ መመለሻውም ይሰላል። ከ200 ባር ላይ 70ውን ስናነሳ 130 ይቀራል፤ ግማሹ 65 ነው፤ ስለዚህ 135 ላይ ፊት ይዞራል። ሲሄዱ ከፍሰቱ ጋር፣ ሲመለሱ ፍሰቱን እየተጋፉ ከሆነ ከዚያም ቀደም ብሎ መዞር ያስፈልጋል፤ ሲጀመር ፍሰቱን እየተጋፉ መሄድ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 የውሃ ውስጥ መተንፈሻ መሣሪያቸውን ሲያወጡ ጠላቂው ታች ሆኖ የሚያየው መለኪያ አልነበረውም። በኋላ የመጡት መጠባበቂያ ቫልቮች ትንፋሽ ሲከብድ ዘንግ በመሳብ የመጨረሻውን አየር ይለቁ ነበር፤ ዘንጉ ሳይታወቅ አስቀድሞ ተነክቶ ከሆነ ግን ሲሳብ የሚመጣ አየር የለም። ዛሬ ቁጥሩ እጃችን ላይ እያለ ሳናሰላ መጥለቃችን ያሳዝናል።

አየር ከታሰበው በላይ የሚያልቅበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት ሳንባ አይደለም። ለመስመጥ ወገብ ላይ የሚታሰረው የእርሳስ ክብደት ነው። ክለቦች መሣሪያ ሲያውሱ የክብደት ቀበቶውን በግምት ይሞላሉ፤ ጀማሪው መስመጥ ካቃተውም 2 ኪሎ ይጨመርለታል። ብዙ ጊዜ ግን ያልሰመጠው ሳንባውን ሞልቶ ስለያዘ፣ ወይም ለመንሳፈፍ አየር የሚነፋበትን ጃኬቱን ከአየሩ በደንብ ስላላራገፈ ነው። ከመጠን በላይ የከበደ ሰው ያንን ለማካካስ ጃኬቱን ይነፋል። ጃኬቱ ደረቱን ወደ ላይ፣ እርሳሱ ወገቡን ወደ ታች ስለሚጎትቱ አግድም መሆኑ ቀርቶ ይቆማል፤ በእግሩ በገፋ ቁጥር ውሃውን በመላ አካሉ እየገፋ ይደክማል፣ ሲደክምም ይተነፍሳል። ትክክለኛው ፍተሻ የሚደረገው ጠለቃው ሲያልቅ፣ ሲሊንደሩ ወደ 50 ባር ሲወርድ ነው። ጃኬቱን ሙሉ በሙሉ አራግፎ፣ መደበኛ ትንፋሽ ይዞ ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃው ዓይኑ ጋ መድረስ አለበት፤ ሲያስተነፍስ ቀስ ብሎ መስመጥ አለበት። ፍተሻውን በሙሉ ሲሊንደር ማድረግ የግድ ከሆነ ወደ 2 ኪሎ ግራም ይጨመርበታል፤ በ12 ሊትር ሲሊንደር የሚተነፈሰው 150 ባር አየር ራሱ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናልና።

ሌላው የሲሊንደሩ ቫልቭ (መክፈቻና መዝጊያው) ነው። ዘግቶ ሩብ ዙር ብቻ የከፈተው ሰው ጀልባው ላይ ያለ ችግር ይተነፍሳል፤ 20 ሜትር ላይ ግን አየሩ ፍላጎቱን አይከተልለትም። ማወቂያው ቀላል ነው፦ መለኪያውን እያዩ አራት ጊዜ በጥልቀት መተንፈስ። መርፌው ንቅንቅ ካላለ ቫልቩ ተከፍቷል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወርዶ የሚመለስ ከሆነ ቫልቩ በደንብ አልተከፈተም፣ ወይም መንገዱ ላይ የሚያንቅ ነገር አለ። ይህን ፍተሻ በብዛት የሚዘሉት ጀማሪዎች ሳይሆኑ ለዓመታት አብረው የጠለቁ ጥንዶች ናቸው። ጓደኛን መፈተሽ እሱን አለማመን የሚመስላቸው አሉ። ክለብ ከንግድ ጀልባ የሚበልጠው በመተዋወቅ ነው፤ ያው መተዋወቅ ፍተሻውን ሲያስቀር ግን ጉዳቱ ያመዝናል።

ከዚህ የባሰው ሹፈት ነው። አየሩ ቶሎ ያለቀበትን ሰው ጀልባ ላይ «አየር በላተኛ» እያሉ መቀለድ በብዙ ክለቦች የተለመደ ነው። የተቀለደበት ሰው በሚቀጥለው ጉዞ 80 ላይ ሆኖ 100 ብሎ ያሳያል፣ ወይም ባልደረባው ሲጠይቀው መለኪያውን ሳያይ «ደህና ነኝ» የሚለውን ምልክት ይሰጣል። መሪው ይህን ቀልድ ማስቆም አለበት። አየር ሲጠየቅም መልሱ በጣት የሚነገር ቁጥር ይሁን፤ አንዳንድ ክለቦች ቁጥርን በተለያየ መንገድ ስለሚያሳዩ ጀልባው ላይ ይስማሙበት። «እንውጣ» ለማለት አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያቀናም ለምን ተብሎ አይጠየቅ፤ ጥንዱ ይወጣል።

አየር መጋራትንም በየጉዞው 5 ሜትር ላይ ባለው ቆይታ አንድ ጊዜ መለማመድ ይቻላል። ተጨማሪው መተንፈሻ ከአገጭ እስከ ታችኛው የጎድን አጥንት ባለው ቦታ፣ ሲሳብ በሚላቀቅ መያዣ ይታሰር። ተንጠልጥሎ አሸዋ ላይ ሲጎተት የዋለ መተንፈሻ አሸዋ ገብቶበት በራሱ አየር ሊያፈስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ ሁለት ጠላቂዎች ባህር ላይ ተትተው ጀልባው ሄዷል፤ በቆጠራ ስህተት ምክንያት አለመኖራቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ስለዚህ ጭንቅላት አይቆጠር። ስም ይጠራ፣ ባለቤቱ በራሱ ድምፅ ይመልስ፣ ከስሙ ጎን የገባበትና የወጣበት ባር፣ የቆየበት ደቂቃና አማካይ ጥልቀቱ ይጻፍ።

ያ መዝገብ ለሚቀጥለው ጉዞም ያገለግላል። በ12 ሊትር ሲሊንደር 130 ባር ተጠቅሞ በአማካይ 12 ሜትር ላይ 35 ደቂቃ የቆየ ሰው 1560 ሊትር ፈጅቷል፤ በ35 ደቂቃና በ2.2 ባር ሲካፈል በገጹ ላይ በደቂቃ ወደ 20 ሊትር ይመጣል። መሪው ይህን ቁጥር ከያዘ ተቀራራቢ የሆኑትን ማጣመር ይችላል። ሁልጊዜ 16 የነበረው አባል አንድ ቀን 24 ሆኖ ከወጣም ከሚቀጥለው ጠለቃ በፊት ይጠየቅ፦ በርዶት ነው፣ አሞት ነው፣ እርሳስ ተጨምሮበታል ወይስ ከቱቦው የሚያፈስ ነገር አለ?