ያገለገለ በር ለካምፐር ግድግዳ፦ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ያገለገሉ የቤት ውስጥ በሮች፣ በመኪና ለሚጎተት አነስተኛ ማደሪያ ማለትም ለካምፐር፣ ቀላል የግድግዳና የጣሪያ ቁሳቁስ ሊሆኑ ይችላሉ።

ደጋፊ፦ በክፍሎች መካከል የሚገጠመው ርካሽ በር ሲንኳኳ የሚሰማው ባዶ ድምፅ ብዙዎችን ያሳስታል። በሩ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ሁለት የፋይዚት (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ስስ ሰሌዳ) ወይም የኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ሰሌዳ) ገጾች አሉት፤ በመካከላቸው እንደ ማር እንጀራ የተያያዘ ካርቶን ቆሞ ተጣብቋል፤ ዙሪያውን ደግሞ ቀጭን የእንጨት ክፈፍ ይዞታል። አንድ ሰሌዳ በቀላሉ እንዳይጎብጥ የሚያደርገው የእንጨቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ገጾች መራራቅ ጭምር ነው፤ ገጾቹ ሳይለወጡ በመካከላቸው ያለው ርቀት እጥፍ ቢሆን ሰሌዳው ለመጉበጥ ያለው ተቃውሞ ወደ 4 እጥፍ ገደማ ያድጋል። የአውሮፕላን ወለልም የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት ያለው፣ 35 ሚሊ ሜትር የሚወፍር በር አብዛኛውን ጊዜ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ልክ የተቆረጠ የ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ግን ከ15 ኪሎ ግራም ያልፋል። ቤት ሲታደስ የሚጣል ዕቃ ይህን ያህል ካገለገለ፣ አነስተኛ መኪና ያለው ሰው ሌላ ቁሳቁስ ፍለጋ ለምን ይደክማል?

ተቃዋሚ፦ ተከራካሪዬ በሩን ያነጻጸሩት ለካምፐር ግድግዳ ከሚያስፈልገው በላይ ከወፈረ ኮምፔንሳቶ ጋር ነው። ትክክለኛው ተወዳዳሪ በሁለት የ3 ሚሊ ሜትር የኮምፔንሳቶ ገጾች መካከል የተጣበቀ ጠንካራ ፎም ነው። የበሩ ክብደት ያለው በፋይዚቱ ላይ እንጂ በካርቶኑ ላይ አይደለም፤ ሁለቱ የፋይዚት ገጾች ብቻቸውን በካሬ ሜትር ከ5 ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝኑ፣ የፎሙ ሰሌዳ ከነገጾቹና ከነኮላው ተደምሮ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሙቀትንም ከካርቶኑ በተሻለ ይይዛል።

ይህ ግን ዋናው ቅሬታዬ አይደለም፤ ዋናው መጋዙ ነው። የበር ጥንካሬ ሙሉ የሚሆነው ዙሪያው ሳይነካ ሲቀር ነው። ለመስኮት፣ ለጎማ ሽፋን ወይም ለተዳፋት ጣሪያ ሲቆረጥ ክፈፉ አብሮ ይወገድና ጠርዙ ላይ ሁለት ስስ ገጾችና የተንጠለጠለ ካርቶን ይቀራሉ። ያን ጊዜ ካርቶኑን ወደ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሮ ጠርጎ፣ በክፍተቱ ልክ የተላገ እንጨት በኮላ አስገብቶ፣ እስኪደርቅ ድረስ ጠፍንጎ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ለአንድ መስኮት ይህ 4 ጊዜ ይደገማል። ማጠፊያ፣ መብራትና መደርደሪያ በሚታሰሩበት ቦታ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ገጽ ላይ ብቻ የነከሰ ብሎን መንገዱ ማንገጫገጭ ሲጀምር ይላላል። ቁልፉ እንዲገጠምበት በበሩ ውስጥ የተቀመጠው ድፍን እንጨት በየትኛው ጎን እንደተቀበረ ገምቶ መቁረጥም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ደጋፊ፦ ጠርዝ መሙላት አሰልቺ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፎም በቤት ማጣበቅም የዋዛ ሥራ አይደለም። በ2 ሜትር ሰሌዳ ላይ ኮላ ቀብቶ በሁሉም ቦታ እኩል ጫና ማሳረፍ ካልተቻለ፣ ሳይጣበቅ የቀረው ገጽ በፀሐይ ይነፋል፤ በሩ ግን ይህን ሥራ ፋብሪካ ውስጥ ጨርሶ ነው የመጣው። ብልሃቱ ካምፐሩን በበሩ ልክ መንደፍ ነው፦ የበሩ ርዝመት ለመኝታ ይበቃል፣ በሮቹ ሳይቆረጡ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ብሎኑ ሁሉ በክፈፉ ላይ ያርፋል፣ መስኮት የሚከፈተውም በአንዱ ሰሌዳ ላይ ብቻ ይሆናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከፊት የሚመጣ አየር እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ47 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ልክ ይገፋል፤ ይህ ጫና በእኩል እስከተሠራጨ ድረስ ላልተቆረጠ በር ከባድ አይደለም። ውኃውን ደግሞ ሸራ በኮላ አልብሶ ደጋግሞ ቀለም በመቀባት፣ አቅም ካለም በፋይበር ግላስና ኢፖክሲ በሚባለው ሲደርቅ በሚጠነክር ማጣበቂያ መከላከል ይቻላል።

ተቃዋሚ፦ ነፋሱ እኩል ይገፋል፤ የሰው ጉልበት ግን እንደዚያ አይደለም። ጣሪያ ሊጠግን የተንበረከከ ሰው ክብደቱ በጥቂት ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚያርፍ ገጹን ሊሰብረው ይችላል። ሽፋኑም ውኃ የሚያቆመው እስካልተበሳ ድረስ ነው። የቤት ውስጥ በር የሚሠራው ለደረቅ ክፍል በሚበቃ ኮላ በመሆኑ፣ በአንድ ብሎን ጎን ሾልኮ የገባ ውኃ ካርቶኑን ያላሽቃል፣ ፋይዚቱን ያሳብጣል፤ ጉዳቱም ከሽፋኑ ሥር ተደብቆ ስለሚቆይ ገጹ እስኪያብጥ ድረስ አይታይም። ለአልጋ ወለል፣ ለታጣፊ ጠረጴዛና ለውስጥ መከፋፈያ ከሆነ አልከራከርም። እዚያም ቢሆን አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል፣ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም።

ደጋፊ፦ እንግዲያው ከበሩ አንድ ቁራጭ በሸራና በቀለም ሸፍነን ለሳምንት ውኃ ውስጥ እንዘፍዝፈው።

ተቃዋሚ፦ እስማማለሁ፤ ከመዘፍዘፉ በፊት ግን መስኮት ሲገጠም እንደሚደረገው በብሎን ይበሳ፤ ብሎኑም ወጥቶ እንደገና ይታሰር፤ መንገድ ላይ የሚላላው እንደዚያ ነውና።