«ከዐውዱ ይገባዋል» የሚባለው ማን ነው?

ሰሞኑን በአንድ የቋንቋ ውይይት ላይ የዩጋንዳው አሉር ቋንቋ የድምፅ ከፍታና የአናባቢ ልዩነት በጽሑፍ ይመልከት ወይ ተብለው የተጠየቁ ተናጋሪ «አማርኛስ ማጥበቅና ማላላትን ሳይጽፍ መቼ ተቸገረ? አንባቢው ከዐውዱ ይገባዋል» ብለው ዐረፉት። ታዳሚውም አጨበጨበ። እኔን ያበሸቀኝ ጭብጨባው ነው።

አሉር በሰሜን ምዕራብ ዩጋንዳ በነቢ፣ በፓክዋችና በዞምቦ፣ ከድንበር ማዶ ደግሞ በኮንጎው ማሃጊ ይነገራል፤ ሉዎ ከሚባሉት ቋንቋዎች ወገን፣ የጋምቤላው አኙዋ ዘመድ ነው። ድምፅ እንደ ዜማ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ቃሉ ሌላ ይሆናል። የምላስ ሥር ወደ ፊት ሲገፋና ወደ ኋላ ሲሰበሰብም አናባቢው ይለወጣል። የተለመደው ጽሑፍ ግን አምስት የላቲን አናባቢዎችን ይዞ ያልፋል፤ የድምፁን ከፍታማ ጭራሽ አይነካውም። ጥርስ ነክቶ የሚወጣውን «ድ» ከሌላው «ድ» ለመለየት ሁለት ፊደል ሳይሰስቱ የሰጡ ሰዎች አናባቢው ላይ ሲደርሱ እጃቸው አጠረ!

አማርኛን ምሳሌ ማድረጉማ ያስቃል። «ይመታል» ብዬ ልጻፍ፤ መቺው ነው ተመቺው? እኔና እርስዎ የምንገምተው ዕድሜ ልካችንን ስናነብ ስለኖርን ነው። የነቢ ሕፃን ግን በአፍ መፍቻው የሚማረው፣ ያውም ከቀናው፣ እስከ 3ኛ ክፍል ነው፤ በ4ኛው ወደ እንግሊዝኛ መሻገር ይጀምራል። ከዐውዱ ገምት የምንለው ፊደል በጣቱ እየተከተለ የሚቆጥረውን ልጅ ነው። ቃሉን ለማወቅ ዓረፍተ ነገሩን ይሻል፤ ዓረፍተ ነገሩን ለማወቅ ደግሞ ቃሉን። መሐል ላይ ሲቀር «ሰነፍ ነው» ይባላል። በእህት ቋንቋው ዶሉዎ ያለቀና ያላለቀ ድርጊት በድምፅ ከፍታ ይለያሉ። ይህን ከገጹ ላይ አጥፍቶ አንብብ ማለት እንቆቅልሽ ማስፈታት ነው።

ደግሞስ ዜማን በፊደል ራስ ላይ መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው ምልክት ሲሠሩ «ደብተራው ከዐውዱ ይገባዋል» ብለው አልተዉትም። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ ያለን ሰዎች ለአሉር ሁለት የድምፅ ከፍታ በዛብን?

ገጹ ጭረት በጭረት ይሆናል የሚለውን ስጋት እቀበላለሁ፤ እንግዲያው ትርጉም በሚያምታታበት ቦታ ብቻ ይጻፍ። ከዚያ አልወርድም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያልን ለአንድ ድምፅ ሦስት ፊደል የተሸከምን እኛ ነን ለአሉር ልጅ ቁጠባ የምንሰብከው!