እደግ ተመንደግ፣ ጎማዬ

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ፣ አንድ ካፌ በር ላይ ለሃያ ደቂቃ ጎማ ሳደንቅ ቆየሁ። ፈልጌ አይደለም፤ ባለጎማው መንገዱን ዘግቶ ነው። እናንተም የሆነ ሰፈር ቆማችሁ አድንቃችኋል፤ አትዋሹ።

መኪናው ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 3 ነው። ሞላው ብረት ሳይሆን አየር ነው። ቁልፉን ሲነኩት ለጭቃ ይነሳል፣ ለተሳፋሪ ዝቅ ይላል። ፋብሪካው 255/60 ጎማ በ18 ቸርኬ አልብሶ ሰደደው። ምን ያውቃል ፋብሪካ! የኛ ሰው ከማን አንሼ ብሎ ጎሚስታ ቤት ወሰደውና 275/65 አስገጠመለት። የጎማው ቁመት 5 ሳንቲም ጨመረ። መኪናው ከመሬት የራቀው ግን በግማሹ ነው፤ 2 ሳንቲም ተኩል። የአክስቴ የሰርግ ጫማ ተረከዝ ይበልጠዋል።

እስኮርት ጎማው ከሆዱ ሥር አልገባ ስላለ ጣሪያ ላይ ወጥቶ እንደ ዲሽ ተቀምጧል። ዳሎል ሊወርድ፣ ሳነቴ ሊወጣ የተሰናዳ ይመስላል። መንገዱ ከሲኤምሲ ቦሌ ነው።

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሲባል ሰምታችኋል። እዚህ ግመሉ ራሱ አጎነበሰ። ሰውዬው መሪውን እንደጠመዘዘ ቆመና እንግዶቹ እንዲወርዱ መኪናውን ዝቅ አደረገው። ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ተሰነቀረ። ሁሉም ወርደው ከበቡት። አንዱ በእርግጫ መታው። አንዱ ፎቶ አነሳው። አንዱ ጀርመን ላለ ወንድሙ ደወለ። ባለቤቱ ማንሻውን ይጫናል፤ መኪናው አልነሳም አለ። ደግሞ ይጫናል፤ ወይ ፍንክች። «ኮምፕረሰሩ ነው» አለ ደዋዩ። «ኮምፒውተሩ ነው እንጂ» አለ ባለፎቶው። ለጋራዥ ተደወለ። ለሌላ ጋራዥም ተደወለ። በመጨረሻ የካፌው ጥበቃ፣ ሽማግሌው፣ ዱላቸውን ተደግፈው መጡና «የኔ ልጅ፣ በሩን ብትዘጋውስ?» አሉት። ለካ በሩ ክፍት ከሆነ መኪናው ከፍ ዝቅ አይልም። ወደ እኔ ዞር ብለው «ያለፈው ሳምንቱም እንዲሁ አድርጎት ነበር» አሉኝ።

ይሄ ያስቃል። ማታ የእነዚህ ከፍ ከፍ ያሉ መኪኖች መብራት ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ግን አያስቅም። የፍጥነት ቆጣሪው ለአዲሱ ጎማ ካልተስተካከለ 100 ሲል መኪናው ወደ 107 ይሄዳል። ጎማው በከበደ ቁጥር ፍሬኑ ዘግይቶ ይይዛል። ትምህርት ቤት በር ላይ የቆመች የስድስት ዓመት ልጅ ከኮፈኖህ በታች ናት። አታያትም! ፎቶ ላይ አምሮብህ ለመታየት ነው ይሄ ሁሉ?

ብቻ መኪናው ተነሳ። እልልታ ነው የቀረው። ነዳጅ ሰጥቶ እያጓራ አሥር ሜትር ያህል እንደሄደ ፍጥነት መቀነሻ ገጠመው። ቆመ። ቸርኬው እንዳይነካበት በአግድም፣ አንድ ጎማ ሌላ ጎማ፣ እንደ ወላድ እየተጠነቀቀ መሻገር ጀመረ። ከኋላዬ የነበረችው ቪትዝ በጎኑ ዘላ አለፈችው።