«በቀጭኗ ፊደል አድርግልኝ»

ኧረ በፈጠራችሁ! ጥር ሲገባ ያው ነገር ነው። ደንበኛው ስልኩን ያወጣና ከፒንተረስት ያወረደውን የፈረንጅ የሰርግ ካርድ እያሳየኝ፣ «ወንድሜ፣ እንደዚህች በእጅ የተጻፈች በምትመስለው ቀጭን ፊደል ስራልኝ፤ በአማርኛ» ይላል።

በአማርኛ! ያቺ ፎንት እኮ የአማርኛ ፊደል የላትም። ስትተይብባት ወይ ባዶ ሳጥን ትደረድራለች፣ ወይ ኮምፒውተሩ በገዛ ራሱ ኒያላን ወይ ኢብሪማን፣ ያሉትን የተለመዱ የአማርኛ ፎንቶች፣ ይተካባታል። ይህን ስነግረው «ሌላ ቦታ ይሰሩታል» ይለኛል። አዎ ይሰሩታል፣ አይቼዋለሁ። ያለውን ፊደል ያጋድሙና፣ ጠርዙን ፍቀው ያቀጥኑና፣ ጭራ ቀጥለውበት «ስክሪፕት»፣ ማለትም የእጅ ጽሑፍ መሳይ ፎንት፣ ይሉታል።

ቀጭን ፊደል ጠልቼ አይደለም። የጀርመናዊውን የፊደል ነዳፊ የሄርማን ዛፕፍን ፎንት፣ ዛፕፊኖን፣ ያየ ሰው ይገባዋል። በ1998 የወጣ ነው፤ አንዱ ፊደል ብዙ መልክ ስላለው እየተደጋገመ አይሰለችም፣ ጭራው ሲዘናፈል እውነትም ሰው በብዕር የጻፈው ይመስላል። ለሁለት ስም፣ ለሽቶ ጠርሙስ፣ ለኬክ ቤት ታፔላ እሰየው። ግን የአዳራሽ አድራሻ በዛፕፊኖ ማን ያነባል?

የእኛ ደግሞ የባሰ ነው። የላቲኑ የእጅ ጽሑፍ ስለሚያያዝ አንዱ ፊደል ቢደበዝዝም ቃሉን ትገምተዋለህ። ፊደላችን ግን ለየብቻው ነው የሚቆመው፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፣ አንዱ ጋ ወገቡ ላይ፣ ሌላው ጋ እግሩ ላይ። «ቤ» ላይ ስትደርስ ቀለበት ትሆናለች። እሷን እንደ ፀጉር አቅጥነህ ክሬም ወረቀት ላይ በወርቅ ፎይል አትማትና ፈልጋት! አንዱ ቤት ያሳተመው ካርድ ላይ «ሙሉ» የተባለችው ሙሽራ «መለ» ሆና ወጥታለች። እናትየዋ ካርዱን ይዘው እኔ ጋ መጡና «ልጄ፣ ይሄ የማን ሰርግ ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን ሌላ ነው። የእጅ ጽሑፍ የሌለን ይመስል! ቁም ጽሕፈት ምንድነው ታዲያ? ብራና ላይ በመቃ ብዕር የተጻፈውን ጠጋ ብለህ እየው፤ ወፍራሙም ቀጭኑም ከብዕሩ አፍ ነው የሚወጣው፣ ግርማው ያለው ውፍረቱ ላይ ነው። እሱን አሳይቼ «በዚህ ልስራልህ?» ስለው «የቤተ ክርስቲያን መሰለብኝ» ይላል። ሰርጉ እኮ በተክሊል ነው!

አዲስ የአማርኛ የእጅ ፎንት ይሠራ ብትል ደግሞ 33ቱን ፊደል በሰባት ቤት ስታባዛው 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹ፣ አራት ነጥቡ ገና አልተነኩም። አንዱ ወራት ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይስላል፤ ሽያጭ ላይ ባዋለው ማግስት ሌላው ቻናሉ ላይ በነፃ ይለቀዋል። ከዚያ «የሚያምር የአማርኛ ፎንት የለም» ብሎ የሚያለቅሰው ያው ሰውዬ ነው።

ለማንኛውም የዘንድሮ ደንበኞቼ ስሙት፦ ስማችሁን እንደፈለጋችሁ አቀጥንላችኋለሁ። ስልክ ቁጥሩን ግን ወፍራም አድርጌ ነው የምጽፈው፤ አዳራሹ የጠፋበት እንግዳ ይደውልላችሁ።