ማዕበሉ በአጀንዳ ተይዟል

የከተማችንን ሰው በብዙ ነገር ማማት ይቻል ይሆናል፤ በጉዞ ዕቅድ ግን ማንም አይደርስበትም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጦ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ የሕንድ ውቅያኖስን ማዕበል የሚያዝ ሕዝብ ከአዲስ አበባ በቀር የት ይገኛል?

እኔ አባል የሆንኩበት ቡድን በየቅዳሜው አራት ኪሎ ባለች አንዲት ካፌ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ዓላማው ከኬንያዋ ሞምባሳ በስተደቡብ ወዳለችው የባሕር ዳርቻ ዲያኒ ለአራት ቀን ሄዶ ሰርፊንግ፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ፣ መማር ነው። ከተመሠረተ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ሊቀመንበር፣ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አሉን፤ የሚይዘው ያጣው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው። ጉዞው መጀመሪያ ከፋሲካ በኋላ፣ ቀጥሎ ከክረምቱ በኋላ፣ በመጨረሻም ደመወዝ ሲጨመር ተባለ። ይህ የመጨረሻው ቀጠሮ እስካሁን አለመነካቱ የአመራሩን ብስለት ያሳያል።

ሥልጠናውም አልተዘነጋም። ከመካከላችን በውሃ ልምዱ የታወቀው ሰው በየወሩ ፍልውሃ የሚታጠብ ስለሆነ የቴክኒክ ኃላፊ አድርገነዋል። ባለፈው ቅዳሜ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ጉልበቱን አጠፍ ክንዶቹን ዘርጋ አድርጎ አቋቋሙን ሲያሳየን፣ ግራ እግር ይቅደም ወይስ ቀኝ የሚል ክርክር ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። የካፌዋ ባለቤት እማማ ግን "ልጄ፣ ማዕበሉ ሳይመጣ ውረድልኝ፤ የወንበሩ እግር የላላ ነው" አሉት።

ይህን ሁሉ ሥራ ሊያበላሽ የተነሣው አንድ ትዕግሥት የለሽ አባላችን ነው። ጉባኤው ሳይወስን ትኬት ቆረጠ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ይዞ ሞምባሳ ወረደ፣ በሊኮኒ ጀልባ ተሻግሮም ዲያኒ ገባ። አፍንጫው ተልጦ ሲመለስ ደግሞ ሪፖርት ላቅርብ አለ። እንደ እሱ አባባል፣ ትልቁ ማዕበል የሚሰበረው ከዳርቻው ራቅ ብሎ በተዘረጋው የኮራል ዐለት ላይ ስለሆነ ዳር የሚደርሰው ውሃ አቅም የለውም፤ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሸሽ ዐለቱ ብቅ ይላል፤ ነፋሱም እኛ በክረምት ጃንጥላ ስንይዝ ከደቡብ፣ በበጋ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ስለዚህ ብዙው ጎብኚ ሰሌዳው ላይ ቆሞ ነፋስ በሚወጥረው ትልቅ የጨርቅ ካይት ሲጎተት ነው የሚታየው። "ቦታውን ስንመርጥ ይህን ያጣራ ሰው ነበር?" ብሎም ጠየቀን።

ባሕሩን አንዴ ስላየ ብቻ ከአጀንዳ ውጪ መናገሩ ሁላችንንም አሳዘነን። ሊቀመንበራችን እንደ ልማዳቸው በጨዋነት፣ "ወንድሜ፣ አንተ የሄድከው አራት ቀን ነው፤ እኛ እዚህ ላይ ሦስት ዓመት ሠርተንበታል" አሉት። ከቴሌግራም ግሩፑም በሙሉ ድምፅ ተሰናበተ።

በሚመጣው ቅዳሜ በግራና በቀኝ እግር ጉዳይ ድምፅ ይሰጣል፤ ወንበሩ ግን ገና ከአናጢ አልተመለሰም።